ክፍለ ዘመን በማታ ፈረቃ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት። መብራት ሄዶ መጣ።
መምህር ሽመክት ይማም ጠመኔውን አወጣ፤
ጥግ ጥጉ በተላጠ ጥቁር ሰሌዳ ላይ
“አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን” ብሎ ጻፈ፣ ወደኛ ሳያይ።

እኛ ከፋብሪካ ሳንበላ የሮጥን፣
ጥጥ እንደ ሽበት ጸጉራችን ላይ ይዘን የኋላ ወንበር የመረጥን፣
እንቅልፍን በአንድ ዓይን፣ ፈረንሳይን በአንድ ዓይን
ይዘን
ኮምቦልቻ፣ ከማታው ክፍል፣ አለን።

“ንጉሥ ነበር” አለ፣ “ሥልጣኑ ከሰማይ የፈሰሰ፤
የዳቦ ዋጋ ሲወደድ የአንገቱ ዋጋ ረከሰ።
ሐምሌ ዘጠኝ ነው በኛ ቀን፣ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣
ሺህ ሰባት መቶውን ጨምሩና፣ እስር ቤቱ የፈረሰበት።”
“ያን ቀንስ በኛ አገር?” ሙሄ ነው የጠየቀ።
“ያን ቀንማ ክረምት ነው፣” መምህሩ ጥቂት ሳቀ፣
“ቦርከና ሞልቶ ይሆናል። እኛም ንጉሥ እናወርድ ነበር፣ ከየጁ እስከ ጎንደር፤
የወረደው ብዙ ነው፤ ገበሬው ግን አልወጣም፣ እዚያው ነው፣ ከሞፈር።

“ባሕር ማዶ ደግሞ ‘ሰው ሁሉ እኩል ነው’ ብለው በላባ ሲጽፉ፣
በመስኮት የሚታየውን፣ እርሻ የሚቆፍረውን፣
ባሪያቸውን ዘለው አለፉ።”

ስለ ሃይማኖት ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
ውጪ የዒሻ አዛን ነበር፣ እስኪያልቅ ጠብቆ ቃል ፈለገ።
“መሬቱን ከካህናት ወሰዱ፤ ደወሉን አውርደው መድፍ አቀለጡት፤
አንዳንዱም አምላክን ሰዓት ሠሪ አለው፣
ጠምዝዞ ያስነሣው፣ ከዚያ ወዲያ የተወው።”

እኔ ይህን ስሰማ ቤታችን ታወሰኝ፤
ደጋን፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፤
አባቴ ለጁምዓ ሲወጣ፣ እናቴ ለኪዳን ስትቀሰቅሰኝ፣
ሁለት ድስት፣ አንድ ጉልቻ፤
ጠብ ቢነሣም በጨው ነበር፣ በጨው ማነስ ብቻ።

ከዚያ ማሽን ሣለ። መጀመሪያ በራሪ መወርወሪያ፣
ቀጥሎ ስምንት እንዝርት በአንድ መዘውር ማሾሪያ።
“ስምንት ብቻ?” አለች ቶይባ፣ ከእንቅልፏ ብንን ብላ፣
“አራት መቶ ነው የኔ፤ ስሮጥ ነው የማድረው፣
የተበጠሰ ክር ስከተል፣ ሳልበላ።”
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እስር ቤቱ እንኳ እንዲያ አልፈረሰ።

“ሸማኔዎቹስ?” አልኩኝ። አፌ ነው የቀደመኝ።
መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ አየኝ።
“አንዳንዶቹ በሌሊት ገብተው ማሽኑን ሰበሩ።”
“ሌሎቹስ?”
“ሌሎቹማ ልጆቻቸውን ለፋብሪካው ገበሩ።”

አባቴ ምንም አልሰበረ። ከጉድጓዱ ወጣ፣ እግሩን አራገፈ፣
“ይሁን” ብሎ አለፈ።
ያ የሽመና ጉድጓድ፣ ሠላሳ ዓመት እግሩን የነከረበት፣
ገለባ ተነጥፎበት ዶሮ ታቀፈችበት።
መወርወሪያዋም አልበረረች፤ ከመዝጊያው ሥር ገብታ
ነፋስ እንዳይደበድበው በራችንን ትይዛለች፣ ቀንም ሆነ ማታ።
የሸማውን ገበያ የዘጋው ጥቅል ጨርቅ
ከኔ ማሽን እንደሚወጣ ያውቃል። እንደሚያውቅ አውቃለሁ፣
ደመወዝ ስሰጠው ዓይኑ ወደ ደጅ ሲርቅ።

በፈተናው ቀን እንዲህ የሚል መጣ፦ “የኢንዱስትሪ አብዮት
ያስከተለውን ውጤት ግለጽ። አምስት ነጥብ።” ብዙ አሰብኩበት።
ዙሪያዬ እስክሪብቶ ይንጫጫል፤
የከተሞች ማደግ፣ የእንፋሎት ኃይል፣ የሠራተኛው ጎራ፤
እኔ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦
“ከአባቴ ጉድጓድ ውስጥ ዶሮ ዐሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋለች።”
ከአምስት ሁለት ሰጠኝ፤
ከጎኑም በቀይ፦ “ይብራራ።”